የእናቴ ጣውንት

ባለፈው ግንቦት አንድ እሁድ፣ ደብረ ታቦር ካለው ቤቴ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ፣ ከመታጠፊያው በኩል ያ ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ የማይቸኩል፣ ዱግ ዱግ እያለ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚያንኳኳ ድምፅ ነው። አባቴ ከሞተ፣ ሞተር ብስክሌቱም ለቆራሌ ከተሰጠ ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን የያዝሁት ነጠላ ከእጄ ወድቆ፣ የቤንዚኑ ሽታ ገና ሳይደርስ አፍንጫዬን ሞላው። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመለስለት ሆዱ ይባባል። እኔ ጥርሴን ነከስሁ።

የመጣው ታናሽ ወንድሜ ታደለ ነበር። አዲስ ሞተር ገዝቶ፣ ከባሕር ዳር በአንበሳሜ በኩል አድርጎ እየነዳ መጥቷል። አዲስ ይበለው እንጂ ክብ መብራት፣ ሆዱ የተነፋ አረንጓዴ የቤንዚን ጋን፣ ቡናማ የቆዳ መቀመጫ ያለው፣ ዘንድሮ ተሠርቶ የድሮ እንዲመስል የተደረገ ነገር ነው። «እታለም፣ የአባባን አይመስልም?» አለኝና ጋኑን በመዳፉ ዳበስ አደረገው። ያ የእጁ አኳኋን የአባቴ ነበር። ዞር በልልኝ ልለው ምንም አልቀረኝም።

አባቴ የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነበር። የጉናን ዳገት በእግሩና በበቅሎ እየወጣ የገበሬውን በግ ሲከትብ ኖሮ፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ አይረባም ብሎ ከጣለው ብረታ ብረት መሐል ያንን ሞተር አገኘ። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሱ ሳሎን መሐል ተቀምጦ ሞተሩን እየፈታ፣ በቤንዚን እያጠበ፣ እየገጠመ፣ ደግሞ እየፈታ ከረመ። እኛ ብሎን እንዳንረግጥ እየዘለልን እንሄድ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ትስቅበት ነበር፣ በኋላ መሳቋን ተወች፣ ሐምሌ ሲያልቅ ደግሞ ምሳውን ወለሉ ላይ ከመፍቻዎቹ አጠገብ አስቀምጣለት ዝም ብላ ትመለስ ጀመር።

መስከረም ላይ ሞተሩ ተነሣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ያ ሞተር ለሌላ ሰው አይነሣም ነበር፤ ቤንዚኑን ከፍቶ፣ ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ፣ መርገጫውን መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በሙሉ ክብደቱ የሚረግጠው አባቴ ብቻ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ሲሞክሩት መርገጫው ተመልሶ ቅልጥማቸውን ይመታቸዋል፣ እነሱ እግራቸውን ይዘው ሲያነክሱ አባቴ በደስታ ፊቱ ይበራል። ለእኛ እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። «እሷ እኮ ሰው ትለያለች» ይል ነበር። እናቴም ይህን ሰምታ ሞተሩን ጣውንቴ ትለው ጀመር። ጎረቤት «ጌታነህ የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቃት «ከጣውንቴ ጋር ነው» ትላለች፣ ጎረቤት ይስቃል፣ እሷ ግን አትስቅም።

እናቴ በሞተሩ ላይ የተቀመጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለመስቀል ዘመድ ልንጠይቅ ስንወጣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ታደለን አዝላ፣ ከኋላው ጎኗን ሰጥታ ተቀመጠች፤ እኔ ከፊት ጋኑ ላይ ነበርሁ። በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል። አባቴም ሞተሩ በቅሎ ይመስል ሁላችንንም አወረደን፣ አጠፋው፣ ተሳለመ፣ አጥሩን እስክናልፍ ገፋው። ያ ብረት ግን አንዴ ከጋለ በኋላ ካልበረደ በቀር አይነሣም ነበር። አባቴ እየረገጠ፣ ላቡን እየጠረገ፣ «ትንሽ ታገሡ፣ አሁን ትነሣለች» ሲል፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያየን፣ እናቴ ቀሚሷ ላይ የፈሰሰውን ቤንዚን አየች፣ እጄን ይዛ በእግሯ ወደ ቤት ተመለሰች። እሱ ከሞተሩ ጋር እዚያው ቀረ።

ታኅሣሥ ሲገባ ውርጩ መጣ። የደብረ ታቦርን ጧት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ሞተሩ ብርድ ካደረበት አልነሣም ስለሚል አባቴ ማታ ማታ እየገፋ ሳሎን፣ ከእኛ መኝታ አጠገብ ያስገባው ጀመር። ራሴን እስኪያመኝ ቤንዚን እየሸተተኝ አድር ነበር። ለአባቴ ይህም አልበቃውም፤ አንድ ጧት እናቴ ስትነሣ፣ ለሠርጓ እናቷ የበግ ጠጉር ፈትላ ያሠራችላት ባና ሞተሩ ላይ ተደርቦ አገኘችው። አያቴ ያንን ባና ባሠራች በዓመቱ ነው የሞተችው። እናቴ ገፋ አድርጋ አየችው፤ ጥቁር ዘይት ጠጥቷል። ባናውን አጣጥፋ፣ ታደለን አዝላ፣ እኔን አስከትላ፣ ጉና ግርጌ ወደሚኖሩት ወደ አባቷ ቤት ሄደች። በመንገድ ላይ «እንመለሳለን?» ስላት አንቀልባዋን አጠበቀች፣ እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቤት ያለ አባት፣ አባትም ያለ ቤት ሊቀር ነው ብዬ እያለቀስሁ ዳገቱን ወጣሁ።

ጥር ላይ አባቴ ሽማግሌ ይዞ መጣ። የንስሐ አባታችን መምሬ ጥላዬና ገበያ ዳር ጨርቅ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ ነበሩ። እናቴ ደጅ ላይ ድንች ስትልጥ ያ ዱግ ዱግ ከቁልቁለቱ ተሰማ፣ በጎቹ ደነበሩ፣ ቢላዋዋ እጇ ላይ ቆመ።

«ይዟት መጣ» አለች።

እውነቷን ነበር። ሐጂ ሰይድ በበቅሏቸው ቀድመው ደርሰዋል፤ አባቴ ግን መምሬ ጥላዬን ከኋላው አፈናጦ፣ የተጣላበትን ሞተር እየነዳ ለእርቅ መጣ። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከውድማው ወጥተው ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ለእርቅ የሚመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ በእግሩ ነው የሚመጣ» አሉ።

«መምሬ እግራቸውን ስለሚያማቸው ነው አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ አባቴ።

«አሁንማ ወገቤንም ጨምሮልኛል» አሉ መምሬ ጥላዬ፣ ወገባቸውን ይዘው እየወረዱ። ማንም አልሳቀም።

አባቴ እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ አያቴ ፊት ጎንበስ አለ። አያቴ ድንጋዩን ቶሎ አላወረዱለትም። «አንተ ልጅ፣ ልጄን ነው ወይስ ብረቱን የምትፈልግ?» ብለው ጠየቁት። እኔ የቤቱ ምሰሶ ሥር ቆሜ አፉን አየው ነበር። እናቴን በለው፣ በለው እያልሁ በልቤ እለምነዋለሁ። እሱ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አደላደለ።

«አባቴ፣ መሥሪያ ቤት ስሄድ የሚያዝዘኝ ብዙ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ከድንጋዩ ሥር። «የሚፈልገኝ ግን የለም። እኔ ብቀር ሌላ ይተካል። እሷን ሌላ ሰው ቢረግጣት አትነሣም። እኔን ታውቀኛለች።»

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። «እኔስ አላውቅህም?» አለች።

አባቴ ቀና ሊል ሞከረ፣ ድንጋዩ ከበደው። በኋላ ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ፈረዱ፦ ሞተሩ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ አያድርም፣ ባናውን አባቴ በእጁ አጥቦ ይመልሳል። አባቴ እሺ አለ፣ ማለ፣ ድንጋዩ ወረደለት። ታረቁ ተባለ። እኔ ግን ለአያቴ ጥያቄ መልሱን አልሰማሁትም፤ እናቴም የሰማች አይመስለኝም።

ስንመለስ እናቴ ሞተሩ ላይ አልወጣም አለች። አባቴም እሷ በእግሯ እየሄደች ቀድሞ መንዳት ነውር ሆኖበት፣ ያንን የሚያህል ብረት እየገፋ ከጎናችን እስከ ደብረ ታቦር ወረደ። የሚያገኘን ሰው ሁሉ «ተበላሸ ወይ?» ይለዋል። «አይ፣ ደህና ነው» ይላል አባቴ፣ እያለከለከ።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ደጅ፣ በጣራው ጥላ ሥር፣ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኖ ያድር ጀመር። አባቴ ውርጭ በሆነ ጧት ካንዴላውን፣ እሳት የምትጭርለትን ብረት፣ ፈትቶ ያመጣና ምድጃው ውስጥ፣ ረመጡ ዳር ያሞቀዋል። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጧት ስነቃ፣ ካንዴላውን በመቆንጠጫ ከረመጡ አውጥታ የምታቀብለው እናቴ ነበረች። ያን ቀን በእሷም ተናደድሁ። «ምን አገባሽ?» ስላት «ቶሎ ሄዶ ቶሎ ይመለስ እንጂ» አለችኝ።

ይመለስ ነበር፣ ሲመሽ። ክረምት ላይ የጉና ጭጋግ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው እናቴ ሥራዋን ትሠራለች፣ ጆሮዋ ግን መታጠፊያው ላይ ነው። ድምፁ ሲሰማ «መጣች፣ ቆሻሻ» ትልና ተነሥታ ወጡን ትጥዳለች። አባቴ ሞተሩን አቁሞ፣ አድርቆ፣ በጆንያ ሸፍኖ እስኪገባ ወጡ ይሞቃል። እንዲህ እየሆነ እኔ አደግሁ፣ አገባሁ። አባቴ ሞተ። አርባው እንደወጣ እናቴ ቆራሌውን ራሷ ከመንገድ ጠርታ ሞተሩን ሰጠችው፣ ሲወስደውም ወጥታ አላየችም። እኔ እፎይ አልሁ።

እንግዲህ በዚያ እሁድ ታደለን ደጅ ላይ አቁሜ ልናገረው ያሰብሁትን ሁሉ ተናገርሁት። ባና አላበላሸብህም፣ እያለቀስህ ዳገት አልወጣህም፣ ታዲያ የድሮ የሚመስል ምን ይሠራልሃል አልሁት። «ኧረ እታለም፣ ይኼ እኮ በቁልፍ ነው የሚነሣው» ብሎ አስነሣልኝ፤ ማንም ሊያስነሣው ይችላል። ወደ ቤት ገባሁ። አብራኝ የምትኖረው እናቴ፣ ከወንበሯ ያለ ሰው ድጋፍ የማትነሣው እናቴ፣ ማድ ቤት ቆማ ነበር። ድስቱን ምድጃው ላይ ጥዳ እሳቱን እየለኮሰች ነው።

«ለማን ነው እማዬ?»

«መጣ እኮ» አለችኝ።

ከዚያ እጇ ክዳኑ ላይ እንዳለ ቆመች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ምድጃውን አጠፋሁት።

ታደለ ያቀረብሁለትን በልቶ ሲሄድ፣ ሁለተኛ ስትመጣ ከመታጠፊያው ጀምሮ አጥፍተህ እየገፋህ ና አልሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርሁትም፣ እሱም እንደ ክፋት ቆጥሮት አኮረፈ፣ ግን ይሰማኛል። አሁን እሁድ እሁድ ሞተሩን እየገፋ ይመጣል፣ ጎረቤቶቼም «ተበላሸ ወይ?» ይሉታል። ድሮ እናቴ የምትጠላው ድምፅ ሲመጣ የምትጠብቀው ሰው ይመጣላት ነበር። ዛሬ ቤታችን ጸጥ ያለ ነው፣ ቤንዚንም አይሸትም፣ እሷ ግን ወንበሯን ወደ መታጠፊያው አስዙራ ትቀመጣለች።