ጥርስ የማይታይበት ፎቶ

ሞኝነቴን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ዛሬ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ፎቶ ሳነሳ ዋልኩ። ገደል አነሳሁ፣ ጉም አነሳሁ፣ ሹፌር አነሳሁ፣ እህቴን አነሳሁ። ካሜራዬም በየተራው ቀጭ እያለ አጨበጨበልኝ። ፊልሙ ግን ከተጠቀለለበት ቆርቆሮ ንቅንቅ አላለም ነበር። ጠዋት ስገጥመው ጫፉን ከማጠንጠኛው ጥርስ ጋር ሳላያይዘው ክዳኑን ዘግቼዋለሁ። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራ ጀማሪ ነው ይባላል። እኔ እንግዲህ ሰባ ዓመት ያለፈኝ፣ ቤቴ ዘጠኝ የፊልም ካሜራ የደረደርኩ፣ ለሰፈሩ ወጣት ሁሉ ሳልጠየቅ ስለ ፊልም አገጣጠም ትምህርት የምሰጥ ጀማሪ ነኝ።

ደሴ፣ ጎህ ሲቀድ

ከቤት ስወጣ የጦሳ ተራራ ገና ጉሙን ከራሱ ላይ አላወረደም። ባለቤቴ አስካለ ጋቢ ተከናንባ በር ላይ ቆማ፣ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የሩሲያ ካሜራ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስልክህ ካሜራ የለውም?»

«አለው።»

«ታዲያ ይሄን ድንጋይ ተሸክመህ የምትወርደው ምን አድርገህ ነው? ስለት አለብህ?»

«ስልክ ነፍስ የለውም።»

«ያንተዎቹማ ነፍስ በነፍስ ናቸው። ስድስቱን መደርደሪያ ላይ አጋድመሃል፤ አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ከዘጠኙ የሚሠሩት ሦስት ናቸው። አንዱ ሌንሱ ሻግቷል፤ አንዱ ሲጫኑት ይጮሃል እንጂ አይከፈትም፤ አንዱን ሰኞ ገበያ ስገዛ ሻጩ ራሱ አዝኖልኝ «አባባ፣ ሌላ የሚረባ ዕቃ ላሳይዎ?» ብሎኛል። ፊልም በደሴ አይገኝም። ቢገኝም የሚያጥበው የለም። በሰው በሰው አዲስ አበባ ይላካል፣ ታጥቦ እስኪመጣ ሁለት ወር ይፈጃል። ሲመጣ ደግሞ ግማሹ ጨለማ፣ ሩቡ የራሴ ጣት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን እንደምወደው የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። መልሴ አንድ ነው፤ በስልክ አንድን በግ መቶ ጊዜ ታነሳና አንዱንም አታየውም። በፊልም ሲሆን ግን ጣትህ ከመጫኑ በፊት በጉን ደህና አድርገህ ታየዋለህ፤ ምክንያቱም ስስት ይይዝሃል። የእኔ ፍልስፍና ሲጨመቅ ስስት ነው።

የዛሬው መንገድ ግን የጨዋታ አልነበረም። ታላቅ እህቴ እታለም ብርቄ ኮምቦልቻ ትኖራለች። ልቧ ታማለች፤ ከሰዓት በኋላ ልጇ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ይወስዳታል። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ፦ ለለቅሶዋ የሚሆን ፎቶ።

«በስልክ አይሆንም» አለችኝ፣ በስልክ።

ምክንያቷን አውቃለሁ። ዐምና አንዲት ጎረቤቷ ሞተው ድንኳን ውስጥ ትልቅ ፎቶ ቆሞ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው በስልክ አንስተው፣ መጨማደዳቸውን ጠርገው፣ ጉንጫቸውን አቅልተው፣ ዓይናቸውን አስፍተው ነው ያሳተሙት። ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ ገብቶ ፎቶው ፊት ሲደርስ ለቅሶውን ያቆምና እርስ በርሱ «ማናት ይቺ? ሌላም ሰው ሞቷል እንዴ?» ይባባላል። አንዷማ ድንኳን ተሳስቻለሁ ብላ ተመልሳ ወጥታለች።

«የእኔን ለቅሶ ሰው ተሳስቶ እንዲያለቅስ አልፈልግም» አለች እታለም። «መጨማደዴ ይኑር። ደግሞ ጥርስ እንዳይታይ። ሟች ጥርሷን ገልጣ ለቀስተኛ አትቀበልም።»

ሐረጎ፣ ኩርባው ላይ

ሚኒባሱ የሚጭነው ሰው ከወንበሩ ይበልጣል። ረዳቱ ታሪፉ ሌሊቱን መጨመሩን ያበሥራል፤ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ይከፍላል። እኔ ጋቢና ሹፌሩ አጠገብ ነኝ። ስሙ ሰይድ ነው፤ መሪውን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ፣ ፍሬኑን ለአላህ ትቷል።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ከሥራችን ነው። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ባሕር ዛፉ ገደሉ አፍ ላይ ተሰልፏል፣ ታች ኮምቦልቻ ከነቆርቆሮዋ ብልጭ ትላለች።

«ሰይድ፣ እስቲ እዚህ ጋ አንዴ ቁምልኝ።»

«አባባ፣ እዚህ ኩርባ ላይ ከቆምኩ ፎቶው ለሰደቃችን ይሆናል።»

ሳይቆም አነሳሁ። አንዴ፣ ደግሜ፣ ሠልሼ። ስስቴ የት እንደሄደ አላውቅም። ቀጥዬ እሱኑ አነሳሁት። ፀጉሩን በመስተዋት አስተካከለ።

«በቴሌግራም ይላኩልኛል።»

«ሁለት ወር ትጠብቃለህ።»

«ሁለት ወር? ወላሂ እስከዚያ ሚስት አገባለሁ።»

«ደግ፣ ለሠርግህ ይደርሳል።»

«እስከዚያ እፈታም ይሆናል» አለና መኪናው ሁሉ ሳቀ።

ኬላው

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ፍተሻ አለ። ወርደን ተሰለፍን። ፈታሹ ወጣት ነው፣ ጨዋ፣ እንቅልፍ ያጣ። ካሜራዬን በሁለት እጁ መዘነው።

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ካሜራ።»

«መንገድ ላይ ያነሱት አለ?»

«ሞልቷል» አልኩ በኩራት።

«እስቲ ያሳዩኝ።»

«አይታይም።»

«እንዴት አይታይም?»

«ከሁለት ወር በኋላ ነው የሚታየው።»

አየኝ። ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አየ። እንደገና አየኝ። «እንግዲያው ይክፈቱት።»

እዚህ ላይ ነው ጉዴ። ለመንኩት። ብርሃን ከገባበት ሁሉ ነገር ይቃጠላል፣ ገደሉ ይቃጠላል፣ ሰይድ ይቃጠላል አልኩት። ሰይድ ስሙን ሲሰማ ከመኪናው ወረደ። ከሰልፉ አንዲት ማንጎ የጫኑ እናት ተቆጡ፦ «ተወው ልጄ፣ ሽማግሌ መጫወቻ አይነጠቅም። ማንጎዬ ሊበሰብስ ነው።» ፈታሹ ፈገግ ብሎ ካሜራውን መለሰልኝ። «አብሽሩ አባት፣ ይሂዱ።»

አስከፍቶኝ ቢሆን ኖሮ ሞኝነቴ እዚያው ይጋለጥ፣ የእህቴም ነገር በሰላም ይውል ነበር። እኔ ግን ልመናዬ በመሰማቱ ተመስገን እያልኩ ተሳፈርኩ። ሰው ለምን እንደሚያመሰግን አያውቅም።

ኮምቦልቻ፣ ረፋዱ

ደሴ የለበስኩት ሹራብ ኮምቦልቻ ሲደርስ ቅጣት ይሆናል። እታለም ቤት ስገባ ላቤ ከእኔ ቀድሞ ነው የገባው። እሷ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ግቢዋ ካለው የዘይቱን ዛፍ ሥር ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጣለች። ጎረቤቷ እትዬ ዘሃራ ከወንበሩ ኋላ ነጠላ በሁለት እጃቸው ወጥረው ቆመዋል፤ የፎቶው ግድግዳ እሳቸው ናቸው።

«ዘግይተሃል» አለች እታለም። «ዘሃራ ክንዷ ሊወልቅ ነው።»

«እኔስ ክንዴ አልወለቀም» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ፊትሽ ነው የሚያሳስበኝ። ብርቄ፣ እንዲህ ተኮሳትረሽ እንኳን ለቀስተኛ መልአክም ይሸሻል።»

«ዝም በይ፣ ነጠላውን ቀጥ አርጊ።»

«ያ ረቢ፣ ሳትሞት ሰው ታስለቅሳለች።»

ለእታለም የሚሆን ጥቂት ፊልም ትቼላት ነበር። በሌንሱ ውስጥ አየኋት፤ ግንባሯ፣ ከአፏ ግራና ቀኝ የወረዱት ሁለት መስመሮች፣ የእናታችን አገጭ። ቀጭ። እሷ አልተነቃነቀችም። ቀጭ።

የአንድ ፊልም ልክ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ቆጣሪው እዚያ ሲደርስ ማጠንጠኛው እምቢ ማለት ነበረበት። አላለም። ሠላሳ ስምንት አነሳሁ። ዐርባ አነሳሁ። ይህን ጊዜ ሌላ ሰው ይጠረጥራል። እኔ ምን አልኩ? ፋብሪካው መረቀልኝ አልኩ። ገበያ ለምዶብኝ፣ ሽንኩርት ስገዛ እንደሚጨመርልኝ ሁሉ ፊልምም ምርቃት ያለው መሰለኝ።

«ደህና ወጣሁ?» አለች።

«እንደ ወርቅ።»

ምሳ በላን። ስስማት ጉንጬን ይዛ ትንሽ ቆየች። እኔም «ቶሎ ትመለሻለሽ» ብዬ እንደ ሬዲዮ ተናገርኩና ወጣሁ።

መነኻሪያው፣ ከምሳ በኋላ

የደሴ መኪና እስኪሞላ አንድ ጭማቂ ቤት ተቀመጥኩ። ያለቀ ፊልም በግራ በኩል ባለችው ትንሽ እጀታ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል፤ ሲጠቀለል ትንሽ ያስቸግራል፣ እንደ ግትር ጥጃ ይጎትታል። ዛሬ እጀታዋ እንደ አየር ዞረች። አሁንም ዞረች። ክዳኑን ከፈትኩት። ፊልሙ ሙሉውን ቆርቆሮው ውስጥ ነው፤ ጫፉ ብቻ እንደ ምላስ ወጥቶ ይሳለቅብኛል።

የማንጎ ጭማቂዬን ተመለከትኩ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ሁለት ወር የእኔ ነው። «ታጥቦ አልመጣም» እላለሁ፣ «አዲስ አበባ ጠፋ» እላለሁ። ስትመለስ አዲስ አነሳታለሁ። ካልተመለሰች ግን...

ያን ሐሳብ አልጨረስኩትም። ጭማቂውንም አልጨረስኩትም። ባጃጅ ጠራሁ።

«ንዳው ልጄ።»

«ምጥ ነው?»

«ከምጥ ይብሳል። ፎቶ ነው።»

ባለ ባጃጁ በመስተዋቱ አጤነኝ፤ ነዳው ግን። ቦርከና ድልድይ ላይ ሦስት ግመሎች መንገዱን ይዘው እያዘገሙ ነው። ባለ ባጃጁ ጥሩንባ ነፋ፤ ግመሎቹ እንደ እኔ ናቸው፣ ምክር አይሰሙም።

እንደገና እታለም ደጅ

መኪናው ደጅ ላይ ሞተሩ ተነስቷል። እታለም ከፊት ተቀምጣ ቀበቶ አስራለች። ነጩ ቀሚስ የለም፤ የልጇን አሮጌ ሹራብ ደርባ፣ ሻሽ አስራ፣ የመድኃኒት ፌስታል ታቅፋለች። እትዬ ዘሃራ በመስኮቱ በኩል እጇን ይዘዋል።

ልጇ ዳዊት ሲያየኝ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? እየመሸብን ነው እኮ።»

«እታለም» አልኩ፤ ትንፋሼ ተቆራርጧል። «ፎቶው የለም።»

«ምን ማለት ነው የለም?»

«ፊልሙን አላያያዝኩትም ነበር። አይዞርም ነበር። ያነሳሁሽ በባዶ ነው።»

ፊቷ ያው የጠዋቱ ነው፣ ኮስታራ፣ ለቅሶ የሚመጥን። ፊልም ቢኖረኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ከዚያ ፊልም እንዳለኝ ትዝ አለኝ። ሙሉ ፊልም፣ አንድም ያልተነካ። ጭማቂ ቤት በደንብ አያይዤው ነበር የወጣሁት። ካሜራውን ሳነሳ የአፏ ጥግ ተንቀጠቀጠ።

«ዘጠኝ ካሜራ» አለች።

«እታለም፣ ዝም በይ፣ ፊትሽን...»

«ዘሃራ፣ ዘጠኝ ካሜራ እኮ ነው ያለው።»

እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ለባዶ ነው ክንዴ የወለቀው?» ሲሉ እታለም አልቻለችም። ደረቷን በእጇ ደግፋ ሳቀች። ዳዊት «እማዬ፣ ልብሽ» ይላል፣ እሷ ትስቃለች። የፊት ጥርሷ መሀል ያለው ክፍተት፣ ከልጅነታችን የማውቀው፣ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ተጫንኩ። ሳጠነጥን የመመለሻዋ እጀታ ከፊልሙ ጋር አብራ ስትዞር በዓይኔ አየሁ። ደግሜ ተጫንኩ።

«ተው፣ ጥርሴ እየታየ ነው።»

«ኮስተር በይልኛ።»

ኮስተር ልትል ሞከረች። ካሜራውን ስታይ እንደገና ፈረሰች። ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሦስቱንም ጊዜ ፈረሰች። ዳዊት ማርሽ አስገባ።

«ይሄ ለለቅሶ አይሆንም» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«አይሆንም።»

«እንግዲህ ጥርስ የማይታይበት አንድ ፎቶ አለብህ።»

«አለብኝ።»

«እኔ ደግሞ የሚገባኝን ሳልቀበል የምሞት ሴት አይደለሁም። ታውቀኛለህ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ እትዬ ዘሃራ፤ እሳቸው አይስቁም ነበር አሁን። መኪናው ኩርባውን እስኪታጠፍ ሁለታችንም በሩ ላይ ቆምን።

ወደ ደሴ፣ ሲመሻሽ

ሽቅብ የወሰደኝ ያው ሰይድ ነው። «የእኔ እንዴት ወጣ?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። እስከ ሐረጎ ሳቀብኝ፤ ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲቀበለን ግን ኩርባውን አልፎ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ሳይጠየቅ ቆመና ፀጉሩን አስተካከለ። አንድ አነሳሁት። አንድ ብቻ፤ ስስቴ ተመልሷል።

አስካለ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ደህና ወጣች?»

«ሳቀች።»

«አትሳቂ ብለሃት?»

ካሜራውን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከስድስቱ ሬሳ ትንሽ ራቅ አድርጌ። አስካለ ፊልሙ መቼ እንደሚላክ ጠየቀችኝ። አይላክም አልኳት። የእታለም ሳቅ ያለው እዚያው ፊልም ላይ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታም የእሷ ነው። መጥታ ወንበሩ ላይ እስክትቀመጥ፣ እትዬ ዘሃራም ነጠላውን እስኪወጥሩ አይወጣም፣ አይታጠብም። ጥርስ የማይታይበት አንድ ፎቶ አለብኝ።