በአመክሮ የተመለሰው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ መካከለኛውን ወንድማችንን በዱላ መትቶ ሲገድለው እኔ አንኮበር ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የተጣሉት በመስኖ ውሃ ተራ ነው። ሊገድለው እንዳላሰበ አገር ያውቃል፤ ቢሆንም አሥር ዓመት ተፈርዶበት ደብረ ብርሃን ወህኒ ቤት ገባ። እናቴ አንድ ቀንም ልትጠይቀው አልሄደችም። የእሱንም ሆነ የሟቹን ስም በቤታችን የሚያነሳ አልነበረም።

በሰባተኛው ዓመት ከወህኒ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ እናቴ አጠገቤ ቁጭ አለች። አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ ከቅጣቱ ከሦስት ሁለት እጁን ከጨረሰ በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል ይላል። የሚቀበለውና ዋስ የሚሆነው ቤተሰብ ግን መቅረብ አለበት።

ደብዳቤውን አጣምሜ ላነብላት ቃጣኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር አዝሎ ወንዙን የሚያሻግረኝ የሞተው ወንድሜ ነበር።

“ምን ይላል?” አለችኝ።

“ዋስ ከተገኘ ይፈታል ይላል። እኔ ግን እሱ ካለበት ቤት አላድርም።”

“ሁለቱንም የወለድኩ እኔ ነኝ” ብላ ነጠላዋን አነሳች።

ደብረ ብርሃን ሄደን በአውራ ጣቷ ፈረመች። ጸሐፊው “እማማ፣ ቢያጠፋ እርስዎ ይጠየቃሉ” ቢላት፣

“ስጠየቅ ነው የኖርኩት፣ ልጄ” አለችው።

ወንድሜ ሸብቶ መጣ። አላድርም ያልኩት እኔም እናቴን ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም። ያስደነገጠኝ ግን ሽበቱ አይደለም፤ ድምፁ ቁርጥ የሟቹን ሆኗል። እናቴ ያን ጊዜ ዓይኗ ደክሟል። አንድ ማለዳ ደጅ ሲያስል ሰማችና በሟቹ ስም ጠራችው። የያዝኩትን እንስራ ቀስ ብዬ መሬት አኖርኩ።

ወንድሜም ከደጅ “አቤት፣ እማዬ” አላት።

ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ጠርታው አታውቅም። እሱ በየወሩ ፖሊስ ጣቢያ እየቀረበ በገዛ ስሙ ይፈርማል፤ ቤት ሲገባ በሟቹ ስም ይጠራል። አንድ ቀን እህል ስናበራይ “ለምን አቤት ትላታለህ?” አልኩት።

“ሌላ በምን እክሳታለሁ?” አለኝ።

አመክሮው አለቀ፤ እናቴም በዓመቱ ሞተች። እሱ ወደ አረርቲ ወርዶ በቀን ሥራ መኖር ጀመረ። አንድ ጊዜ ልጠይቀው ሄጄ ሰፈር ውስጥ በገዛ ስሙ ባፈላልግ የሚያውቀው ጠፋ። በሟቹ ስም ስጠይቅ አንዲት ሴት ቤቱን አሳየችኝ።

አብረን ዋልን። ስለ ስሙ አላነሳሁም። ስሰናበተው ግን እኔም በዚያው ስም ጠራሁት፤ “አቤት” አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።