የሮብ ገበያ ምርጫና የእህቴ በሬ

ሰኞ፣ ከደጀን

ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ጨው ነጋዴ ነኝና መንገድ አይሰለቸኝም፤ የዛሬው ግን የንግድ አይደለም። እህቴ የሺወርቅ ከምትኖርበት ከሮብ ገበያ በሰው ልካብኛለች። ባሏ ተገኘ ጭቃ ሹም ሆኜ ልመረጥ ብሎ ፍየሉንም በጉንም ወይፈኑንም ለመራጮች አርዶ ጨርሷል። አሁን የቀረው የእርሻ በሬዋ ቦራ ነው። ግንቦት ተጋምሷል፣ ዝናቡ ደጅ ላይ ነው፤ ቦራ ከታረደ ከአበልጇ በሬ ጋር ያቀናጀችው ጥማድ ፈረሰ፣ መሬቷ ጦሙን አደረ፣ ልጆቿም እንደዚሁ።

ካሚዮኑ ላይ ከዱቄት ጆንያ በላይ ተጫንኩ። ሹፌሩ ሊሬ ሳሳየው ሬት የቀመሰ ይመስል ፊቱን አጨማደደ። ጣሊያን በሊሬ ይከፍለዋል፣ ገበያው ግን ከማርትሬዛ ብር ሌላ አላውቅም ብሏል። በመጨረሻ በአንድ አሞሌ ጨው ተስማማን።

መንገዱ ዳር የተከመረ ጠጠር፣ የዛገ ዶማ፣ ሰው የሌለበት የሠራተኛ ጎጆ። ሥራው ለምን ቆመ ብዬ ሹፌሩን ጠየቅኩት። ጠያቂው ጣሊያን ከሆነ ጫካ ያሉት አላሠራ ስላሉ ነው፣ ጠያቂው ሐበሻ ከሆነ የጣሊያን ገንዘብ ስላለቀ ነው አለኝ። እኔ ምን እንደምመስለው አልነገረኝም።

ሰኞ ከሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

ጤፍ እሳት ሆኗል። ሱቁ ውስጥ ማንም የማይገዛው ማካሮኒ ተደርድሯል። ከግንቡ ሥር አካፋ የታቀፉ ጎልማሶች ቁጭ ብለው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። አንዱ ቀጣሪ መስዬው ብድግ አለና ጫማዬን አይቶ መልሶ ተቀመጠ። ቅር አለኝ።

ማክሰኞ፣ ወደ ሮብ ገበያ

ማለዳ ስወጣ ያው ሰውዬ ተከተለኝ። ምንይችል ይባላል፤ የሮብ ገበያ ሰው ነው፤ የመንገድ ሥራው ሲቆም ከተባረሩት አንዱ ነው። ነገ ምርጫ፣ ዛሬ ማታ ደግሞ እራት አለብኝ አለ። እራቱን ሲጠራ ድምፁ ይበልጥ ሞቅ አለ።

ነገሩን እየሄድን አስረዳኝ። ጣሊያኑ ሻምበል፣ ሰው ወዶ የመረጠው ሹም ካለው ጫካ አይገባም ብሎ አስቧል። ስለዚህ በየገበያው ቀን ተገኘና ባላንጣው አንዳርጌ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ ሰው ከሚወደው ኋላ ይሰለፋል፤ ሻምበሉ በዱላው እየጠቆመ ይቆጥራል። ተገኘ የመንገዱን ሥራ አስጀምራለሁ ይላል፣ አንዳርጌ ሊሬውን ገበያው እንዲቀበል አደርጋለሁ ይላል። ሁለቱንም ያመነ የለም፤ የሁለቱንም ጥብስ ግን ሁሉም በልቷል። ሁለት ጊዜ ተሰልፈው ሁለቴም እኩል ለእኩል ሆነ።

እንዴት ሆኖ ብዬ ጠየቅኩ።

“ማታውኑ እኩል ለሁለት ተከፋፍለን ነዋ የምናድር” አለ። “አንዱ ከተሾመ ድግሱ ይቀራል። ሥራ እስክናገኝ ድረስ መርጠን መጨረስ አያዋጣንም።”

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። የሚበሉት የእህቴን ጥሪት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ነው ያቆምኩት። ባለ ሥራው ገበሬስ ለምን አይመርጥም ብዬ ብጠይቀው፣ ባለ ሥራ በግንቦት የት ጊዜ አለው አለኝ። እሱም ገበሬ ነበር። የመንገድ ሥራው ሲመጣ የበሬ ጭራ መከተል ይብቃኝ ብሎ ጥማዱን ሸጠ። መሬቱም ጉልበቱም አለ፣ በሬ የለውም፤ ጓደኞቹም እንደዚያው።

ቀትር ላይ ደረስን። ተገኘ ከዘመድ የተዋሰውን ካባ ደርቦ ቢላዋ እያሳለ አገኘሁት። ደግ ሰው ነው፤ ካባው ነው ያሳበደው። የሺወርቅ ጓሮ ወስዳኝ አለቀሰች። ቦራ አጠገቧ ቆሞ ያመሰኳል። የምንይችልን ወሬ ስነግራት እንባዋን ጠርጋ በሳቅ ፈረሰች።

“ወንድምዓለም፣ እስኪመሽ ይህን ባሌን ያዝልኝ” ብላ ወደ አበልጇ እናና ቤት ሮጠች። እናና የአንዳርጌ ሚስት ናት፤ እሷም ቤት ቢላዋ ይሳላል።

ተገኘን፣ ስትሾም የምታደርገውን ንግግር እስቲ አሰማኝ አልኩት። ከሻምበሉ ጀምሮ እስከ አቡኑ ድረስ አመሰገነ። ሲጨርስ መሐሉን አልሰማሁትም እለዋለሁ፤ እንደገና ይጀምራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢላዋውን ይዞ ጓሮ ዘለቀ። ቦራ የለም። ቀንበሩ የለም። እንግዶቹም አልመጡም። አንዳርጌ ቤት እየበሉ ነው ብሎ እርር ድብን አለ፤ አንዳርጌም ስለ እኛ እንደዚሁ ሲል ማምሸቱን በኋላ ሰማሁ።

ሮብ፣ ሜዳው ላይ

ሻምበሉ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ቆሙ። ከኋላቸው ሣር ብቻ ነበረ። ከማዶው ተዳፋት የጅራፍ ድምፅ ይሰማል። ሁለቱ አበልጆች በሬዎቻቸውን ለሥራ ፈቶቹ ሰጥተዋቸዋል፤ መጀመሪያ የባለ በሬዎቹን ማሳ፣ ቀጥሎ በተራ የየራሳቸውን ሊያርሱ ተዋውለዋል።

ሻምበሉ ፊቱ ቀላ። አስተርጓሚው፣ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ከኋላው የቆመለት ይሾማል ሲል ተናገረ። አራት ዓይን እኔ ላይ አረፈ። የደጀን ሰው ነኝ ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

ተገኘ ማዶውን አየ። ቦራ ቀንበሩን ተሸክሞ ትልሙን እየሰነጠቀ ይወርዳል። “ሰው ከሌለ የማን ሹም ልሆን ነው?” አለኝ። ከዚያ ካባውን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ሄዶ ከአንዳርጌ ኋላ ቆመ። አንዳርጌም ነገሩ ሲገባው ዞሮ ከተገኘ ኋላ ሊቆም ተሽቀዳደመ፤ ግን ቀድሞ ተቆጥሯል። ሻምበሉ የአንዳርጌን እጅ ጨብጦ ሾመው። እንደዚያ ያዘነ ተሿሚ አይቼ አላውቅም።

ከተገኘ ጋር ወደ ማዶ ተሻገርን። እርፉን የጨበጠው ምንይችል ነበር፤ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል፣ ፊቱ ግን በርቷል። ተገኘ በሬው የኔ ነው፣ አምጣ፣ እኔ ላርስ አለው።

“የእርስዎ ነው፣ ጌታዬ” አለ ምንይችል፣ እርፉን ሳይለቅ። “ግን ዛሬ ገና ሥራ መያዜ ነው።”

ተገኘ ወደ ሚስቱ ዞረ። የሺወርቅ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና ድንጋይ የሚለቀምበትን የማሳ ጥግ በጣቷ አሳየችው። እሱም ጎንበስ ብሎ ከሌሎቹ ጋር ድንጋይ መልቀም ጀመረ።