አንተ ያልኳት ልጅ

ባለፈው ሳምንት ጋራዡን ሳጸዳ፣ ከላይኛው መደርደሪያ የልጄ ስሊፒንግ ባግ፣ ያ የሚጠቀለለው መኝታ፣ ተንከባሎ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ገመዱን ስፈታው ሽታው ወጣ፤ የትንኝ ስፕሬይ፣ እርጥብ ቅጠል፣ የከሰለ እንጨት። ሌላ ሰው ቢሆን ያጥበው ወይም ይጥለው ነበር። እኔ ባልዲ ገልብጬ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ የሚገባው ብርሃን አጠገብ ተቀመጥኩ። አንተ ከድሮው ንገረኝ ትለኛለህ አይደል? እንግዲያው ሳታቋርጠኝ ስማ።

ልጄ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ኮሮና የገባ ጊዜ ትምህርቷን ከኩሽናው ጠረጴዛ ሳትነሳ በኮምፒውተር ተማረች። ፊቷ ገረጣ፣ ምላሷ ረዘመ። በሚቀጥለው ሰመር፣ ሰው ከቤቱ መውጣት ሲጀምር፣ እናቷ ተነሥታ «ካምፕ ሬጅስተር አድርጌያታለሁ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ካምፕ። ሐይቅ አለው፣ ጫካ አለው። ዋና ይማራሉ።»

ካምፕ ማለት እኔ የማውቀው ሱዳን ነው። ወጣትነቴን የበላው እሱ ነው። «ከካምፕ ለመውጣት ዕድሜዬን ጨረስኩ። አንቺ ደግሞ ልጄን ወደ ካምፕ ትሰጃታለሽ?» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ የልጆች መዝናኛ ነው!»

«ድንኳን አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«ሽንት ቤቱ ከመኝታው ጋር ነው ወይስ ውጭ?»

«ውጭ።»

«ታዲያ ካምፕ ነው።»

ክርክሩን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ግን ሄደች።

ከሱዳኑ ካምፕ ይዤው የወጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ጽሕፈት ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ሲደግሙ ከጀርባቸው ቆሜ፣ ጣታቸው የሚያርፍበትን ፊደል ከአፋቸው ከሚወጣው ድምፅ ጋር እያገናኘሁ፣ ብቻዬን ለየሁት። ቆይቶ የካምፑን ሰው ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ ሆንኩ። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ስል አገር ቤት ያለችው እናት ታለቅሳለች። በእኔ ደብዳቤ የታረቁ ባልና ሚስት አሉ። በእኔ ደብዳቤ የታጨች ቆንጆ አለች። ይህን ስልህ ጉራ እንዳይመስልህ፤ የሆነው ነው።

ልጄን ያደረስናት ቀን፣ ቁምጣ የለበሰና ማስክ ያደረገ ወጣት በር ላይ ተቀበለን። ስልኳን በፕላስቲክ ከረጢት ከተተና በእንግሊዝኛ «እዚህ ስልክ የለም፤ ደብዳቤ ብቻ» አለ። እናቷ ክው አለች። እኔ ሳቄ መጣ። ይኸው በገዛ እግራቸው ወደ እኔ ሜዳ መጡ!

እናቷ በዚያው ምሽት ጻፈች፤ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን ከስልኳ እየገለበጠች፣ ልብ በልብ እየሣለችበት። «ይሄ ደብዳቤ ነው?» አልኳት። «የኬክ ላይ ጽሑፍ እኮ ነው!»

«ያንተን እናየዋለን፣ ጸሐፌ ትእዛዝ!» አለችኝ። ስትንቀኝ እንዲህ ነው የምትጠራኝ።

እኔ በአማርኛ ጻፍኩ። ፊደሉን ለልጄ ያስተማርኳት ራሴ ነኝ፤ እሑድ እሑድ፣ እያለቀሰችም ቢሆን። እውነቱን ልንገርህ፣ በአፌ ልጅ አላቆላምጥም። ከእኔ የምትሰማው «ተነሽ»፣ «አጥኚ»፣ «በሩን ዝጊ» ነበር። ብዕር ስጨብጥ ግን ሌላ ሰው ነኝ። እንዲህ አልኳት፦ «ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን። እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ቤቱ ያላንተ ጭር ብሏል። ብርድ እንዳይመታህ።»

አንተ አማርኛ ታውቃለህ፤ ልተርጉምልህ አልልም። ሴት ልጅ ከልክ በላይ ስትወደድ «አንቺ» መች ይበቃታል? እናቴ እህቶቼን ስታባብል «አንተ» ትላቸው ነበር። እኔ አስቤ አልጻፍኩትም፤ እጄ ነው የጻፈው።

መልሱ ሲመጣ እናቷ ፖላሪስ የገበያ አዳራሽ ከምትሠራበት ሱቅ ቤት መግባቷ ነበር። የመኪናዋን ቁልፍ እንደያዘች፣ ቆማ አነበበችልኝ። «ዳድ፣ አይ አም ኖት ኤ ቦይ» ይላል መጀመሪያው። ቀጥሎ፣ ወንድ ከፈለግህ ሌላ ልጅ ፈልግ፤ እዚህ ሰመሩን ሙሉ መቆየት ይቻላል ብለውኛል፤ እኔ ቤት አልመጣም።

«ይኸው» አለች እናቷ። «ፈርነሱ ሥር ያልካትን አሁን በጽሑፍ አጸናህላት።»

ይህን ያለችበት ምክንያት አለ። በዚያ ዓመት በረዶ ሲጥል ፈርነሱ፣ ማለት የቤቱ ማሞቂያ፣ ቆሞብን፣ ባለሙያ ሳልጠራ ራሴ ከፈትኩት። ልጄ ባትሪ ይዛ ልታበራልኝ ቤዝመንት ወረደች። ዓይኗ ስልኳ ላይ፣ መብራቱ ግድግዳው ላይ። «ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ባትሪ መያዝ አያቅተውም ነበር» አልኩ። እጁ የበረደ ሰው ምን የማይለው አለ? ባትሪውን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠችና ደረጃውን ወጣች። እኔ ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ ፈርነሱን ሠራሁት። እስከ ዛሬ ይሠራል።

«ማቆላመጥ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ!» አልኳት።

«እኔማ አውቃለሁ። እሷ ከየት ትወቀው? አንድ ቀን በአፍህ ብለሃት ታውቃለህ?»

«እንግዲያው ጻፊና አስረጃት።»

«ጸሐፊው አንተ፣ ምን ቤት ነኝ እኔ?»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ማይክሮዌቩ ብቻ ሆነ። እሷ በግራ፣ እኔ በቀኝ እናልፋለን። ልጅ «ቤት አልመጣም» ስትል በሩን የሚዘጋባት አባት ነው፤ እኔ ላይ ግን በሩን የዘጋችው ልጅቷ ነበረች። እንቅልፍ አጣሁ አልልህም፤ ግን ብዕሩን አነሣሁ። ልመና አልጻፍኩም። ደንቡን ነው የጻፍኩላት፦ «በቋንቋችን ሴት ስትወደድ አንተ ትባላለች፣ ወንድም ሲወደድ አንቺ ይባላል። ይህን የማያውቅ ሰው አማርኛ አውቃለሁ አይበል። አባትሽ።»

የመጣው መልስ በፊደል ነበር። እያንዳንዱ ፊደል እንቁላል ያክላል፣ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል።

«አባዬ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ትንኝ በላኝ። ነይና ውሰጂኝ።»

እናቷ ከትከሻዬ በላይ አንብባ እስክትታጠፍ ሳቀች። «እንዴት ነሽ እቴ! ተነሽ እንጂ፣ ውሰጃት ተብለሻል!» ስትል ዋለች። ምሳ ስታቀርብ «ብዪ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ይህን ሁሉ አልፌ፣ በገዛ ቤቴ ሴት ተደረግሁ።

ልናመጣት የሄድን ቀን ያካፋ ነበር። ልጄ ከዛፎቹ ሥር ስሊፒንግ ባጓን አቅፋ ወጣች። ፀሐይ አክስሏታል፣ እግሯ በትንኝ ንክሻ ቀይ ነጠብጣብ ሆኗል። እናቷን አልፋ ወደ እኔ መጣች። ፊቴ ቆመች፤ ከንፈሯ ሊስቅ ዳር ዳር ይላል፣ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች። ያ የትንኝ ስፕሬይና የከሰለ እንጨት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከእጇ ዕቃውን እንኳ ሳልቀበል፣

«አባት አንቺ አይባልም። ነውር ነው» አልኳት።

ቆይታ አየችኝ። ከዚያ «ኦኬ፣ ዳድ» አለች፤ ስልኳን ተቀብላ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፈነች። መንገዱን ሙሉ ከመስኮቱ ውጭ በቆሎ ብቻ ነበር። የምትነዳው እናቷ ነበረች። አንድ ቦታ ላይ፣ ፊቷን ሳታዞር «ደንቆሮ» አለች። ፊታችን ለሚንቀራፈፈው ትራክ መስሎኝ አለፍኩት።

ዛሬም አባት አንቺ መባሉ ነውር ነው እላለሁ፤ ማንም አያስለውጠኝም። ግን አስተውል። «ነሽ» አለች፣ «ነይ» አለች፣ «ውሰጂኝ» አለች። አንዱን አልሳተችም። እዚህ የተወለደ የስንቱ ልጅ ይህን ይጽፋል? ደንቡን አንድ ጊዜ ነገርኳት፤ በአንድ ጊዜ ያዘችው። ማን አስተማራት? እኔ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አማርኛ አናግራኝ አታውቅም። አሁን እሷም ፖላሪስ ጫማ ትሸጣለች። ብሬክ ስትወጣ አንዳንዴ ኮል ታደርግልኛለች። «ሃይ ዳድ፣ ሃው አር ዩ?» ትላለች፤ ከኋላዋ የሱቁ ሙዚቃ ይሰማል። እንግሊዝኛ ድሃ ቋንቋ ነው። በዚያ «ዩ» ውስጥ አንተ ይኑር አንቺ አይለይም። እኔ ግን ቶሎ አልመልስላትም፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ፣ መጀመሪያ ወደ አማርኛ እገለብጠዋለሁ።

እንዴት ነሽ ነው የምትለኝ።

«ደህና ነኝ» እላታለሁ።