በሁዳዴ የፈረሰው ግድግዳ

ባልሽ ጨዋታ አዋቂ ነው ይሉኝ ነበር። እኔ ግን እንግዳ ፊት የሚያወራውን ወሬ አንድም ቀን ከነመጨረሻው ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ የምሰማው ሳቁን ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ከፎርት ዎርዝ ከተማ ወጣ ብለን የገዛናት ቤት ሳሎኗንና ኩሽናዋን የሚለይ ድፍን ግድግዳ ነበራት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሽንኩርት አቁላላለሁ፣ እንግዳው ከግድግዳው ወዲያ ይስቃል። ጭልፋዬን ይዤ ብቅ ብዬ "ምን ተባለ?" ስላቸው፣ "ተይው፣ ሲደገም አያስቅም" ይሉኛል። ወጡን አውጥቼ፣ እንጀራ ጨምሬ፣ ለስላሳውን አድዬ፣ እጄን ታጥቤ ልቀመጥ ስል ሰው ጃኬቱን መፈለግ ይጀምራል። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። አልዋሽም፣ ያናድደኝ ነበር።

ኩሽናዋም ኩሽና አትባልም። ካቢኔቶቹ ጥቁር ቡናማ፣ የግድግዳው ልባጥ ቡናማ፣ ወለሉ ቡናማ፣ ምድጃው ደግሞ የሰናፍጭ ቀለም። ጣሪያው ላይ ከወየበ ፕላስቲክ ጀርባ አንድ ረጅም አምፖል ይርገበገባል፤ እሱን በቀትር ካላበራሁ ጨውና ስኳር አልለይም። ቤቷን የሠሯት ሰዎች ከብርሃን ጋር ምን ጠብ እንደነበራቸው እግዜር ይወቅ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ግሬፕቫይን የምትባል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። አንድ ቀን እንግዳ ጥሎት የሄደ የቤት ዕቃ መጽሔት አገኘሁና ቤቴ ወሰድኩት። ውስጡ አንድ የኩሽና ፎቶ አለ፤ ነጭ ካቢኔት፣ በር የሌለው የእንጨት መደርደሪያ፣ ሕፃን የሚታጠብበት የሚያህል ሰፊ የዕቃ ማጠቢያ። ስሙን "ፋርምሃውስ ስታይል" ይለዋል። እኔን የያዘኝ ግን ካቢኔቱ አይደለም። ምድጃው ጋ የቆመችው ሴት ፊቷን ወደ ሰዎቹ አዙራ እያበሰለች ትስቃለች። ቀናሁባት።

መጽሔቱን ለባሌ አሳየሁት። እሱ ያን ጊዜ ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ ነው የሚሠራው፤ ማታ ሲገባ ደክሞትም ቢሆን ነገር አያልቅበትም።

"ይሄ እኮ የገበሬ ቤት ነው የሚለው" አለኝ። "አባቴ ከገበሬ ቤት ለመውጣት ዕድሜውን ጨረሰ፣ አንቺ ከፍለሽ ልትመልሺን ነው? ፕሌኖ ከተማ ያሉት ጓደኞቻችን እብነ በረድ ያስገባሉ፣ እኛ የመደርደሪያ በር እንነቅላለን?"

"አዎ። ግድግዳውም ይፈርሳል።"

"ሶ፣ ግድግዳውን ሪሙቭ አድርገሽ ጣሪያው ሲወርድብንስ? ማለቴ፣ ቁሌቱስ? እንግዳ ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ይሂድ?"

"እኔ ስምንት ዓመት እየሸተትኩ ሥራ ሄጃለሁ" አልኩት።

ጊዜውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ የለ፣ ድግስ የለ፣ የሚመጣ እንግዳ የለ። ሃምሳ አምስት ቀን ኩሽና ቢፈርስ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ጋራዥ ውስጥ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽሮ እየሠሩ መጾም ነው። ለፋሲካ ግን ሠላሳ ሰው ይመጣብናል። "እስከ ሆሳዕና ካላለቀ ሰው ጠርቼ እንደነበረው አስመልሰዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የኩሽና ወሬ አልሰማም" አለ ባሌ። ተስማማን።

በቀለም ጀመርኩ። ከሥራ መልስ ሦስት ቀን ቀብቼ ካቢኔቶቹን ሁሉ ነጭ አደረግኳቸው። ኩሽናዋ ፊቷን የታጠበች መሰለች፤ እኔም ቆሜ እያየሁ ኮራሁ። በአምስተኛው ቀን አንዱን በር ስከፍት ቀለሙ እንደ ቅቅል ድንች ልጣጭ ተገፎ አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። ሌላውን ነካሁ፣ እሱም ተላጠ። ባሌ ከኋላዬ መጥቶ አየና የተላጠውን ቀለም አንስቶ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሲበቃኝ ተነስቼ በሩን ከነማጠፊያው ፈትቼ መኪናዬ ውስጥ ጫንኩትና ሰፈራችን ያለው የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሄድኩ። ቀለም የሚሸጡት ሽማግሌ ፈረንጅ በሩን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፣ ቀጥሎ አሸተቱት። ምን እንደማበስል ጠየቁኝ። ሽንኩርት አልኳቸው። ምን ያህል ሽንኩርት ነው ሲሉኝ የድስቱን ስፋት በሁለት እጄ አሳየኋቸው። እስኪበቃቸው ሳቁ። አንቺ የቀባሽው እንጨቱን አይደለም፣ ዘይቱን ነው አሉኝ። ለካ የስምንት ዓመት ቁሌት ላይ ነው ቀለሜን ያፈሰስኩት። ቅባት የሚፈታ ዱቄት፣ ጓንት፣ የብርጭቆ ወረቀትና ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ቅብ ሰጡኝና እንዴት እንደሚሠራ ሁለት ጊዜ አስረዱኝ።

እንደገና ከዜሮ። በሮቹን ሁሉ ፈትቼ ጓሮ አሰልፌ አጠብኩ። የሚወርደው ውሃ ቀይ ነው፤ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ባሌ ከሥራ ሲገባ አየኝና እጅጌውን ሰብስቦ "ያንኛውን በር ስጪኝ" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሮኝ ሠራ፤ መነጫነጩን ግን አልተወም።

ጣሪያው ይወርዳል የሚለውን ነገርም ሽማግሌው ፈቱልኝ። አንድ ቅዳሜ መጥተው ኮርኒሱ ውስጥ ገቡ፣ አቧራ ለብሰው ወረዱ፣ ግድግዳው ከራሱ በቀር የተሸከመው ነገር የለም አሉ። ባሌ "ኦኬ" ብቻ አለ። የኤሌክትሪክ መስመሩን በባለሙያ አስነሳን፤ የመጀመሪያውን መዶሻ እኔ አሳረፍኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የመታሁት ነገር የለም። ከወገብ በታች ያለውን አስቀርተን ከላዩ ወፍራም ጣውላ አነጠፍንበት። ማጠቢያውን ከአንድ እውነተኛ የገበሬ ቤት ነው ያገኘነው፤ አሮጌ ቤት ሲያፈርሱ ዕቃውን ግቢያቸው አውጥተው ከሚሸጡ ሰዎች ገዛነው፤ ተሸክመን ስናስገባው ሁለታችንም ለሁለት ቀን ጎበጥን። ሆሳዕና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን በር ገጠምኩ። የሳሎኑ መስኮት ብርሃን እስከ ምድጃዬ ድረስ ገባ።

በዚያው ሰሞን አማቴ ከአዲስ አበባ መጡ። ነጩን ካቢኔት በእጃቸው ዳሰሱና ወደዱት። ክፍቱን ሲያዩ ግን ቀጥ አሉ።

"ልጄ፣ ጓዳ እንዲህ ተገልጦ?"

"እንዲታይ ብለን ነው ያፈረስነው፣ እማማ።"

"ገመናሽን ሁሉ ሰው ይየው?"

ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። የፋሲካ ዕለት ዶሮዬን ልጥድ ስገባ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ተወጥሮ፣ የተተኮሰ ነጭ መጋረጃ ክፍቱን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል። ጨርቁን ከሻንጣቸው ነው ያወጡት። "አሁን ቤት መሰለ" አሉኝ ደስ ብሏቸው። ምን ልበላቸው? ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡ እናት ናቸው፤ ሰዉም መግባት ጀምሯል። ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። ግድግዳ አፍርሼ በጨርቅ ተሸነፍኩ።

ዶሮውን እያማሰልኩ ባሌ ከመጋረጃው ወዲያ ወሬ ጀመረ። ጨርቅ እንደ ግድግዳ አይደለም፤ አንዲትም ቃል አላመለጠችኝም።

"አሜሪካ የገባች ቀን ኤርፖርት ውስጥ ጠፋችብኝ" ይላል። "ሦስት ሰዓት ፈለግኳት። መጨረሻ ላይ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሚሳቀው በእኔ ኖሯል፤ ያውም በውሸት። መጋረጃውን በግራ እጄ ይዤ ሳብኩት። ሲባጎው ከነምስማሩ መጣ።

"እኔ አይደለሁም የጠፋሁት" አልኩ። ሠላሳ ሰው ዞሮ አየኝ። "እሱ ሌላ ተርሚናል ሄዶ ነው የጠበቀኝ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ዞሬ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሊቀበለኝ የገዛውን አበባ አቅፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር።"

ቤቱ እንደገና ተናጋ፤ በእኔ ወሬ ያን ያህል ሰው ይስቃል ብዬ አላስብም ነበር። "ታዲያ ተሳፋሪዎችህን የት ነው የምታደርሳቸው?" አለው አንዱ ጓደኛው እንባውን እየጠረገ። ባሌ ራሱ ሳቀ፤ መካድም አልቻለ። እኔ የፈራሁት አማቴን ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

"ድሮም እንቅልፋም ነው" አሉ። ጎንበስ ብለው መጋረጃውን ከወለሉ አነሱ፣ አራት ቦታ አጠፉት፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "ቀሪውንም ንገሪን። ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ፤ ወጡን እሱ ያውጣ።"

ባሌ ተነሳ። ጭልፋውን ሰጠሁትና እሱ በተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። "ስለ እኔ ምን እያልሽ ነው?" ይለኛል ከምድጃው ጋ፣ የዶሮውን ብልት በየሳህኑ እያወጣ። "ትሰማ የለም እንዴ" አልኩትና ወሬዬን ቀጠልኩ። ያን ፋሲካ ዶሮዬን በትኩሱ፣ ከሰው ጋር ተቀምጬ በላሁ።