ከነፋሱ የሚጀምሩ ካሴቶች

ከሩቅ የመጣ የድምፅ ካሴት ስታዳምጡ፣ ተናጋሪው የሚለውን ትታችሁ ከበስተኋላው ያለውን መስማት ጀምራችሁ ታውቃላችሁ? ድስት ሲከደን፣ በር ሲጢጥ ሲል፣ ጎረቤት ሲያስል? እኔ አጋጥሞኛል። ሚኔሶታ፣ ሆፕኪንስ ከተማ ውስጥ በነበረኝ አፓርትመንት ቁጭ ብዬ አባቴ ስለ ባሕር ሲነግረኝ፣ ከጀርባው የሰማሁት ድምፅ አባቴ ካወራው ሁሉ በለጠብኝ።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። አስተማሪ ስለሆንኩ ከመካከል መጀመር አልችልበትም።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እዚያው ሚኔሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ጀምሬ ነበር። ያደግሁት አሰብ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ ደጋ ወርዶ ወደቡ ላይ የክሬን መካኒክ ሆነ። ባሕሩን ካየ በኋላ ግን ልቡ ወደ ዓሣው ሄደ። አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ጀልባ ነበረችው። እናቴ ካረፈች፣ እኔም በጅቡቲ በኩል ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ አብራው የቀረችው ጀልባዋ ብቻ ነበረች።

አባቴ ስለ ራሱ ማውራት አይሆንለትም። ስልክ ስደውል “ደህና ነህ?” እለዋለሁ። “ደህና።” “ምን አዲስ ነገር አለ?” “ምንም።” ከዚያ ሁለታችንም የመስመሩን ሽውታ እንሰማለን። ስለዚህ በስልኩ ምትክ ካሴት ጀመርን። እሱ ቀድቶ አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ ይልካል፤ አክስቴ ደግሞ ወደ ሚኔሶታ የሚመጣ ሰው ስታገኝ ታስይዘዋለች። ካሴት ላይ የሚያቋርጠው ሰው ስለሌለ ነው መሰለኝ፣ አባቴ ያወራል። ወሬው ግን ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ይናገራል፣ ቀጥሎ ውሃው እንዴት እንደዋለ፣ ከዚያ ዓሣው። መጨረሻ ላይ “እኔ ደህና ነኝ” ይልና ቁልፉን ይጫናል። ይህን ሥርዓት የፈጠረው እሱ አልነበረም። አሰብ ላይ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ ከሰላምታው በፊት የሚጠያየቁት ነፋሱን ነበር። የሰው ጤንነት ከዓሣው በኋላ ይደርሳል።

ባሕሩን ለማያውቅ ሰው ዓመቱን ባጭሩ ላስረዳ። አሰብ ላይ ዓመቱ በነፋስ ለሁለት ይከፈላል። ከጥቅምት ገደማ እስከ ግንቦት ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ቀይ ባሕር ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር ከሚገናኝበት ጠባብ በር በኩል ይመጣል። በጠባብ ቦታ ያለፈ ነፋስ ኃይለኛ ነው፤ ኮሪደር ጫፍ ላይ ያለ መስኮት ከፍታችሁ ብትቆሙ ይገባችኋል። ያኔ ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ጎህ ሲቀድ ይወጣና ማዕበሉ አረፋ ሳይደፍቅ ይመለሳል። ድካሙ ግን ዋጋ አለው። ድራክ የምንለው ረጅም ብርማ ዓሣ ትናንሾቹን እያሳደደ ወደ ዳር የሚጠጋው በነዚህ ወራት ነው። ከሰኔ በኋላ ነፋሱ ይገለበጥና ከሰሜን ይመጣል፤ የምድጃ አፍ ላይ የቆማችሁ ይመስላችኋል። ባሕሩ ራሱ ከዳር ይሸሻል፤ በሌላ ጊዜ ጀልባ የሚያልፍበት ቦታ ላይ የኮራሉ ድንጋይ ራሱን ያወጣል። ላዩ እንደ ሾርባ ቢሞቅም ከታች በኩል ከውቅያኖስ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል። አባቴ ይህን ያሳየኝ ከጥልቅ የሳበውን ዓሣ ጉንጬ ላይ አስነክቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሙቀት መሃል ዓሣው ቀዝቀዝ ይላል።

ዝናብስ? አሰብ ላይ ዝናብ እንግዳ ነው። ድንገት ከመጣም የሚመጣው በቀዝቃዛዎቹ ወራት እንጂ በሐምሌ አይደለም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ካሴቶቹን አዳምጣለሁ። ደጅ በረዶ ሲጥል ቤቴ ውስጥ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ሚኔሶታ ላይ ሰው ሁሉ ስለ አየር ያወራል፤ ሊፍት ውስጥ ያገኘሁት ሁሉ “ዛሬስ ብርዱ!” ይለኛል። ነፋሱ ከየት እንደሆነ ግን የጠየቀኝ የለም። በዚህ መከፋት የሞኝ ነገር እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ቤቴ ስገባ ባዶነቱ የሚሰማኝ በዚህ በኩል ነበር።

በዚያ ዓመት በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሣና ከአሰብ ብዙ ሰው እየወጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። ተጨንቄ በካሴት ጠየቅሁት። መልሱ አጭር ነበር። “እኔ የትም አልሄድም። ጀልባዋን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?”

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ከሥር ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት የታክሲ ሹፌር ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከኤርፖርት የሚጭኗቸው አበሾች ካሴቶቼን የሚያስረክቡት ለእሳቸው ነበር።

“የአሰብ ልጅ! አባትሽን ከኤርፖርት ፒክ አደረግኋቸው” አሉ ካሴቱን እያወዛወዙ።

“ሻንጣቸውስ?”

“ሻንጣ የላቸውም። ነፋስ ብቻ ነው የያዙት።”

ገብተው ሻይ ቀዳሁላቸው። ካሴቱን አስገባሁ። የአባቴ ድምፅ መጣ።

“ነፋሱ ከሰሜን ነው፣ ይጋረፋል። ውሃው ከዳር ሸሽቷል፣ ኮራሉ ወጥቷል። ጀልባዋን ራቅ አድርጌ አስሬያታለሁ። ሰርዲኑ አለ...”

ሁሉም ልክ ነበር። ስለ ሐምሌ መባል ያለበት ሁሉ ተብሏል፤ ተማሪዬ ቢሆን ሙሉ ውጤት እሰጠው ነበር። ከድምፁ ጀርባ ግን አንድ ነገር ይንቻቻል። መጀመሪያ ካሴቱ ያረጀ መስሎኝ ነበር። ድምፁ እየበረታ ሲመጣ አባቴም እየጮኸ ማውራት ጀመረ። አቆምኩት፣ ወደ ኋላ አጠንጥኜ እንደገና አስጀመርኩት።

“ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ። “ዓሣ እየጠበሱ ነው። ዘይቱ ነው የሚጮኸው። ዓሣ ያጠመደ ሰው ምን እንዲያደርግ ፈልገሽ ነው?”

ሳቅሁ። ላምናቸውም ፈለግሁ። የድስቱ ዘይት፣ የአባቴ እጅ፣ የሎሚው ቁራጭ ሁሉ ታየኝ። ካሴቱ ቀጠለ።

“ድራኩ ገና ነው፣ ጥቅምት ላይ ነው የሚመጣው” ሲል ነጎድጓድ ወረደ። ረጅም ነበር፤ አንዱን ተራራ መትቶ ወደ ሌላው እየተንከባለለ የሚሄድ ዓይነት። አባቴ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ “እኔ ደህና ነኝ” አለና ቁልፉ ቀጭ አለ።

“ጋሼ፣ ዓሣ ሲጠበስ ነጎድጓድ አለው እንዴ?”

ጋሼ ሻያቸውን አስቀመጡ።

አሰብ ሐምሌ ላይ አይዘንብባትም፤ ዙሪያዋንም ሜዳ ናት። እንዲያ የሚያስተጋባ ተራራ የላትም። የሚንቻቻው የቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ የደጋ ክረምት ዝናብ ነበር። አባቴ ከባሕሩ ርቆ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ፣ በቃሉ የሚያውቀውን የሐምሌ ባሕር እያነበበልኝ ነበር።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። ብዙ አላስቸገረችኝም። “ከወንድሙ ቤት ነው፣ ከደሴ ወጣ ብሎ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው” አለች።

“ጀልባዋስ?”

“ስለ ጀልባዋ እንኳ አትጠይቂው።”

ጋሼ ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር ይወተውቱኝ ነበር። “ዋናው በሰላም መውጣታቸው ነው። ደውለሽ ‘አውቄያለሁ’ በያቸው፣ በቃ!”

“ከዚያስ በኋላ ምን ያወራኛል?”

“ስለ ሌላ ነገር ነዋ።”

“ሌላ ነገር የለውም ጋሼ።”

ችግሬ ይህ ነበር። አባቴ እኔን የሚያናግርበት አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፣ መንገዱም በባሕሩ ላይ ያልፋል። ባሕሩ እንደሌለ አውቃለሁ ካልኩት፣ የሚቀረን የስልኩ ሽውታ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ እሱ በሌለ ባሕር ላይ ለብቻው ሲቀዝፍ ይኖራል። ባዶ ካሴት አስገባለሁ፣ ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ከዚያ የማቀዝቀዣዬን ጉርምርምታ ብቻ ቀድቼ አቆማለሁ። መኸር መጥቶ ሄደ። በመካከሉ ሌላ ካሴት ከእሱ መጣ። “ነፋሱ ተገለበጠ! ድራኩ ገብቷል!” ይላል በደስታ። ከጀርባው በሬ ያገሳል። ያን ካሴት ሳልጨርስ አወጣሁት።

ጥር ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የበረዶ መሰርሰሪያና አጭር መንጠቆ አዋሰኝ። ሚኔሶታ ላይ ሐይቁ ሲደድር ሰው ላዩ ላይ ይወጣል፣ ይቀድደዋል፣ በቀዳዳው በኩል ያጠምዳል። የማጥመጃ ፈቃዴን አወጣሁና ጋሼን ለመንኳቸው። እስከ ሐይቁ ዳር ነዱልኝ፤ ሌሎቹ መኪናቸውን በረዶው ላይ ሲያስገቡ ሲያዩ ግን ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ።

“እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው?”

“በረዶው ይችላል ጋሼ። ውሃ ሲበርድ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ወደ በረዶነት ሲጠጋ ደግሞ መልሶ ይቀልና ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሚደድረው ላዩ ነው፣ ዓሣውም ከታች...”

“አስተማሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው” አሉኝ።

በእግራችን ገብተን ቀዳዳውን ሠራንና ጎን ለጎን ተቀመጥን። በመጨረሻ መንጠቆዬ ተሳበ፤ መዳፍ የምታህል ዝንጉርጉር ዓሣ ወጣች። ጓንቴን አውልቄ እንደ ልጅነቴ ጉንጬ ላይ አስነካኋት። ሞቀችኝ። አየሩ ከውሃው ይልቅ በጣም ስለሚበርድ ከበረዶ ሥር የወጣችው ዓሣ ሞቃት ነበረች። በዚያው ቅጽበት ሐይቁ ከሥራችን አጓራ። በረዶ ሲለጠጥና ሲሰነጠቅ እንዲህ ይጮኻል፤ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር እየተንከባለለ ይሄዳል። ጋሼ ተነሥተው ቆሙ። እኔ ግን ባትሪው እንዳይበርድ ኮቴ ውስጥ ያቀፍኩትን መቅጃ አውጥቼ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ።

“አባባ፣ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው፣ ፊት ይልጣል። ውሃው ከላይ ደድሯል፣ ከታች ግን ይሄዳል። ዓሣው ትንሽ ነው። ካንተ ጋር ተገላቢጦሽ ነው፤ አሰብ ላይ ከታች የወጣው ይቀዘቅዝ ነበር፣ እዚህ ከታች የወጣው ይሞቃል።” ሐይቁ እንደገና አጓራ። እሱ እንዳደረገው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። የቀረኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነበር። “እኔ ደህና ነኝ” አልኩና ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ፤ ግን አልተጫንኩትም። “ደህና ነኝ፣ ግን እዚህ ነፋሱን የሚጠይቀኝ ሰው የለም።”

አውቄያለሁ አላልኩትም።

መልሱ የመጣው በረዶው ቀልጦ ሐይቁ እንደገና ውሃ ከሆነ በኋላ ነው። ጋሼ ካሴቱን ሰጥተውኝ እንደ ወትሮው ሳይቀልዱ ወረዱ። ለብቻዬ አዳመጥኩት።

“ነፋሱ...” አለና ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረ። “ነፋሱ ከተራራው ነው። ማታ ማታ ይበርዳል። ባሕር የለም። ጀልባዋን ለአንድ ደህና ሰው ሰጥቻታለሁ፣ ቀለሟን እንዳይለውጥ ነግሬዋለሁ። ከኋላሽ የሚያጓራው ምንድን ነው? አጎትሽ የጭነት መኪና ነው አለኝ። የጭነት መኪና እንዲህ አይልም። እኔም ጋ የሚጮኽ ነገር አለ፤ የኔው ነጎድጓድ ነው። ሰምተሽው ይሆናል።” ጉሮሮውን ጠረገ። “ዓሣ የለም። ከታች በኩል ወንዝ አለ ይላሉ፣ ነገ ወርጄ አየዋለሁ። እዚህም ነፋሱን የሚጠይቅ ሰው የለም። አንቺ ጠይቂኝ።”

ካሴቱ ቆመ። መስኮቴን ከፈትኩ፣ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ፊቴ ላይ ለካሁ፣ ከዚያ አዲስ ካሴት አስገባሁ።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከእናንተ የራቀና ስለ ራሱ ማውራት የማይሆንለት ሰው ካለ፣ ዛሬ አንድ መቅጃ ፈልጉ። ደህንነቱን አትጠይቁት። መጀመሪያ እናንተ ጋ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ንገሩት፣ ቀጥሎ በአጠገባችሁ ያለው ውሃ፣ የቧንቧም ቢሆን፣ እንዴት እንደዋለ። ስለ ራሳችሁ መጨረሻ ላይ አንድ እውነተኛ ነገር ጨምሩ። ሞክሩት፤ ስትቀዱ ግን መስኮቱን አትዝጉት።