ኦሞድ የሣለው ግድግዳ

ልጅ እያለሁ ካቶር በሚባለው የጁባ ሰፈር ውስጥ ቀለም የያዘ ሰው ከታየ የሱቆቹ መደዳ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ጁባ ውስጥ ይፈርሳል የተባለ ቤት ግድግዳው ላይ ቀይ ኤክስ ይደረግበታል፤ ምልክቱ ያረፈበት ሰው ዕቃውን ያወጣል እንጂ ክርክር የለውም። ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ረጅም ወጣት የሱቃችንን የጎን ግድግዳ በሜትር እየለካ በጠመኔ መስመር ያሰምራል፤ አባቴ ደግሞ በር ላይ ቆሞ የማያይ መስሎ ያየዋል።

ከግድግዳው ሥር ከተማው ቦኖ እያሠራ ነበር። የእርጥብ ሲሚንቶው ሽታ ከሱቃችን የሳሙናና የዱቄት ሽታ ጋር ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። የቤቱ ባለቤት ማማ ሮዝ እንዳስረዱን፣ ከግንባታው ገንዘብ ላይ ጥቂቱ ለሥዕል እንዲውል ተወስኗል፤ ውሃ ሊቀዳ የመጣ ሰው ተራውን ሲጠብቅ የሚያየው ነገር እንዲኖረው። እሳቸውም ግድግዳቸውን ፈቅደዋል። ነገሩ ለአባቴ አልተዋጠለትም። «ውሃው ሳይመጣ ሥዕሉ መጣ?» አላት እናቴን ምሳ ላይ። «ሰው ቤቱን ጥሎ በሸሸበት ከተማ ለሥዕል ገንዘብ የሚያወጣ ማነው? እስቲ ንገሪኝ።»

አባቴ ከሰው ተለይቶ ክፉ አሳቢ ሆኖ አይደለም። ጁባ ውስጥ ወታደሮች እርስ በርስ በተታኮሱበት በታኅሣሡ ተኩስ ጊዜ ኒምራ ታላታ ሰፈር የነበረው የመጀመሪያው ሱቃችን ተዘርፎ የቀረልን መደርደሪያው ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት አንድ ደንበኛ ስኳር ሊገዛ በመጣ ቁጥር መቼ እንደምንዘጋ ይጠይቀው ነበር፤ አባቴም በየዋህነት ይመልስለት ነበር። የካቶሩ ሱቅ እንደገና ከዜሮ የጀመርነው ነው። እሱም ከሄደ ባዶ እጃችንን ወደ አገር ቤት፣ ወደ ኢትዮጵያ፣ መመለሳችን ነበር። ስለዚህ እኔን ላከኝ። «ሰዓዳ፣ አጠገቡ ተጫወቺ፤ የሚጠይቅሽን ሁሉ ትነግሪኛለሽ» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሠዓሊው ኦሞድ ይባላል። ወላጆቹ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው፤ እሱ ግን ያደገው ጋምቤላ፣ የተማረው አዲስ አበባ ነው። አማርኛዬን ሲሰማ ከመሰላሉ ወርዶ «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። ጁባ ከገባ ጀምሮ አማርኛ የሚያወራው ሰው ርቦት ኖሯል። የተሰባበረ ጠመኔ ይሰጠኛል፤ በሱ ሰኞ ማክሰኞ አሰምሬ ስዘል ከላይ ሆኖ «መስመር ረገጥሽ፣ አይቻለሁ!» እያለ ያበሽቀኛል። ጋሽ ኦሞድ ስለው «ጋሽ አትበይኝ፣ ገና ሳላገባ አስረጀሽኝ» ይለኛል። ግድግዳው ላይ ቢጫ ጄሪካን የተሸከሙ ሴቶች አንድ በአንድ እየተሰለፉ መጡ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሩጫዬ ወደሱ ሆነ።

ሲመሽ ደግሞ ለአባቴ አወራለሁ። የሣለውን፣ የበላውን፣ ያፏጨውን ሳይቀር። አባቴ አጎንብሶ ይሰማና «ሌላስ?» ይላል። ያ «ሌላስ» ነው ያጠፋኝ፤ የምነግረው ሲያልቅብኝ አፍር ነበር። አንድ ቀን ኦሞድ የሱቁን በር እያየ «አባትሽ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው? ዕቃ የሚራገፍለትስ በየትኛው ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቃል በቃል ለአባቴ አደረስኩ። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። እናቴ «እስቲ መጀመሪያ አጣራ» ብትለው ወይ ፍንክች።

በማግስቱ ለሰፈሩ ሹም ነገረ። በዚያን ጊዜ «ይህ ሰው ከየት መጣ?» መባል ብቻውን ሰው ያሳስር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁለት የጸጥታ ሰዎች መጥተው ኦሞድን ከመሰላሉ አስወረዱት። ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ አስቀምጦ ተከተላቸው። ሲያልፍ እኔን አየኝ፣ ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን አባቴን አየ። ያኔ ገባው። እኔም እንደገባው ገባኝ።

ማማ ሮዝ ሰምተው መጡ። «አቡ ሰዓዳ፣ ኢታ መጅኑን? አብደሃል?» አሉት። «የግድግዳውን ጫፍ ለመሣል መሰላሉን በርህ ላይ ማቆም ስላለበት፣ ደንበኛህንና ጭነትህን እንዳያግድብህ ነው ሰዓቱንና ቀኑን የጠየቀው። ፊትህ አስፈርቶት ምን ላድርግ ቢለኝ ልጅቷን ጠይቃት ያልኩት እኔ ነኝ።» አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። በሕመም እንኳ የማይዘጋውን ሱቅ በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ ሄደ። ሁለት ቀን ሙሉ የሹሙ ደጅ ላይ ተቀምጦ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ልጁን ልቀቁት» ሲል ዋለ። በሦስተኛው ቀን ለቀቁት።

ኦሞድ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሥራው ተመለሰ። አንድ ዐይኑ ሥር አብጦ ነበር። አባቴ ቀዝቃዛ ለስላሳ ይዞለት ወጥቶ ይቅርታ ሲጠይቀው፣ ጠርሙሱን ተቀብሎ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለው። እኔም ሮጬ ሄጄ «ጋሽ ኦሞድ» አልኩት። «ሰላም ታኪ» አለኝ በዐረብኛ፣ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ለማንም እንደሚለው፣ ከዚያም ወደ ብሩሹ ዞረ። ሰኞ ማክሰኞዬን አሰምሬ ሆን ብዬ መስመር ረገጥኩ። አየኝ፤ ብሩሹን ቀለም ነክሮ መሣሉን ቀጠለ። ሥዕሉን እስኪጨርስ ድረስ ከአፉ አንድ የአማርኛ ቃል አልወጣም። ያን ጊዜ ተቆጥቶ ቢሰድበኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ዛሬ አባቴ ደክሟል፤ ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሥዕሉ ፀሐይ ቢያደበዝዘውም አለ። ያኔ የተጠየቅኩትንም ያልተጠየቅኩትንም ስዘረግፍ እውል ነበር፤ አሁን ስለ ሰው ስጠየቅ ምላሴ ይከብደኛል። ከአገር ቤት የመጡ ሰዎች ግድግዳው ፊት ቆመው ፎቶ ይነሱና ማን እንደሣለው ይጠይቁኛል። ስሙን እነግራቸዋለሁ። «ታውቂው ነበር እንዴ?» ሲሉኝ፣ «አማርኛ ይችል ነበር» እላቸዋለሁ።